ስም ሳይጠራ የሄደው መኪና

በሩን ዝጉት። ፋኖሱንም ዝቅ አድርጉት፣ ጋዝ አታባክኑ። ስማችሁን አልጠይቅም። በጨለማ ነው የገባችሁት፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አላየሁም። በኋላ እንጠያየቃለን። አሁን ስሙ።

ሰዓቱ እንደዚህ ያለ ሰዓት ነው። ጨረቃ የለም። ጅብ እንኳ ዝም ብሏል። መንገዱ ከደጋ ወደ በረሃ የሚወርደው ነው። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በአንድ በኩል ድንጋይ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሜዳ ይጀምራል። በሜዳው ላይ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። አንድ የውሃ ጉድጓድ ብቻ አለ። ጉድጓዱ ስም አለው። በሌሊት አላነሳውም።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይነዳ ነበር። ድሮ ነው፤ የባሕሩ መንገድ ክፍት በነበረ ጊዜ።

ሰውዬው አጥናፉ ይባላል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ጢም ሳያበቅል ከመንደሩ ወጥቶ ረዳት ሆነ። እናት አልነበረውም። ከመኪና ሥር ይተኛል፣ ከሾፌሩ የተረፈውን ይበላል። ሥራው ምን ነበር? ለጎማ ታኮ ማድረግ፣ ጭነት ማሰር፣ ከኋላ ሆኖ የመኪናውን ላሜራ በመዳፉ መምታት። አንዴ ዷ! ካለ ሾፌሩ ይነዳል። ሁለቴ ዷ! ዷ! ካለ ያቆማል። ረዳቱ ዘግይቶ የመታ እንደሆነስ? ጥፊ ነው። አጥናፉ ያንን ጥፊ ጠግቦ ነው ያደገው።

በኋላ ራሱ መሪ ጨበጠ። ጆሮው ግን ያው የረዳት ጆሮ ሆኖ ቀረ። ዷ! ካለ እግሩ ነዳጅ ይረግጣል። አያስብም። ማታ የጎረቤት በር ሲዘጋ እንኳ በእንቅልፉ እግሩ ይንቀሳቀሳል።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትነዳ አደርክ» ትለዋለች ሚስቱ። «እስቲ የት አደረስከኝ?»

ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ከገበያው ወዲያ አገር አታውቅም። ሲያገባት «ባሕር አሳይሻለሁ» ብሏት ነበር። ስንት ዓመት ጠበቀች? ጸጉሯ እስኪሸብት። እሱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጨው ያነጣው ጫማ ይዞ ይመጣል። እሷ ጫማውን ታጥባለች፣ ባሕሩን አታይም። አንድ ቀን ጫማውን ሳታጥበው ደጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አላት።

«ባሕሩ እስኪደርቅ ነው የምትጠብቀው?» አለችው።

ያ ቃል ከጥፊው ሁሉ በለጠበት።

አጥናፉ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ገዛ። ጭነት በሚጫንበት ላይ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ቤት ሠራ። አልጋውን በችንካር ከወለሉ ጋር መታው። ለውሃ ጀሪካን፣ ለምግብ ቡታጋዝ፣ ለእሷ መጋረጃ ያለው ትንሽ መስኮት አደረገ። በሩ በስተኋላ ነው። ከጋቢናው ወደ ቤቱ መተያያ የለም፤ ድፍን ላሜራ ነው። የመንደሩ ሰው ሳቀ።

«አጥናፉ ጎጆ ወጣ» አሉ፤ «ጎጆውም ተከትሎት ወጣ!»

«እንጉዳይ፣ ጎረቤት ስትፈልጊ ፍሬን ያዝ በይው!»

እሷም ሳቀች። ከስንት ዓመት በኋላ ሳቀች።

መንገዱን በሽምብራ አቀዱት። መሬቱን ጠረገችና አንድ በአንድ ደረደረችው። ይቺ ፍሬ የገበያው ከተማ ናት፤ ግቢ ገብተን እናድራለን። ይቺ የገደሉ አፋፍ ናት፤ ጭጋግ አለ፣ በጊዜ እንቆማለን። ይቺ ጉድጓዱ ናት። ይቺ የጨው ነጋዴዎቹ መንደር ናት። ይቺ መጨረሻዋ ባሕሩ። እንጉዳይ የመጨረሻዋን ፍሬ በጣቷ ትነካለች፣ እጇን ትመልሳለች። ትነካለች፣ ትመልሳለች።

ያን ጊዜ ጋሽ ዘርጋው መጣ። መንዳት የተወ ሽማግሌ ሾፌር ነው። ጎንበስ ብሎ ሽምብራውን አየ። ከዚያ የጉድጓዷን ፍሬ አነሳና ቆረጠማት።

«እዚህ ማረፍ የለም» አለ።

«ኧረ ጋሽ ዘርጋው፣ አገሬን አልበላህብኝም?» አለው አጥናፉ።

«አትሳቅ። በቀን ከሆነ ውሃህን ቅዳና ሂድ። ከመሸብህ አትቁም። የግድ ከቆምክ ደግሞ በላሜራ ድምፅ እንዳትነሳ። የሚስትህን ስም ጥራ። እሷም በአፏ ስሟን ትበልህ። ከዚያ ንዳ።»

«ለምን?»

«አንድ መንገደኛ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወረደ። ከኋላ ላሜራውን መቱ፣ መኪናው ሄደ። ሳይቆጥሩ፣ ሳይጠሩ። ጉድጓዱ ያን ዓመት ደርቆ ነበር፤ ሰውዬው በጥም ሞተ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የቆመውን መኪና ሁሉ ይመታል። መሳፈር ነው የሚፈልገው። እሱ እንዲሳፈር ደግሞ አንድ ሰው መውረድ አለበት።»

«ከኋላዬ ያለችው አንድ ሚስቴ ናት። ማንን ከማን ልቆጥር?»

«አንድ ነው ቶሎ የሚጠፋው» አለ ጋሽ ዘርጋው።

እንጉዳይ ሽምብራውን እየለቀመች ቀና አለች። «ጋሼ፣ ያ መንገደኛ ስሙ ማን ነበር?»

«የሚያውቀው የለም። ስሙን የሚጠራ ቢኖር መች ይቀር ነበር?»

እና ሄዱ። አራቱን ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ማረፊያ ሲደርሱ አንዷን ትፈታና ትበላለች። በገበያው ከተማ አንዷን በላች። በገደሉ አፋፍ አንዷን በላች። እሱ ፊት ሆኖ ይነዳል፣ እሷ ከኋላ ትዘፍናለች። እሱ ከጋቢናው በስተጀርባ ያለውን ላሜራ ዷ! ያደርጋል። እሷም ከወዲያ ዷ! ትላለች። ደህና ነኝ፣ ንዳ ማለት ነው። ሁለቴ ከመታች ያቆማል። ወርዶ ወደ መስኮቷ ይሄዳል።

«ይሄ ሁሉ ተራራ እዚህ ነበር?» ትለዋለች።

«የት ይሂድ ብለሽ ነው?»

«እኔ ሳላየው! ሁሉን ለብቻህ ስታይ ኖርክ አይደል?»

ደስ ብሏት ነበር። ይህን ያዙልኝ። ደስ ብሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጎማ ሲቀይር ዋለ። ሲነሱ ደግሞ መንገጫገጩ ጀሪካኑን ቀደደው፤ ውሃው በወለሉ ስንጥቅ አልቆ ሄደ። ሜዳው ሲደርሱ ፀሐይ የለችም። ያኔ ራዲያተሩ ፈላ። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ፣ ሞተሩ ይቃጠላል። የት ላይ? ገብቷችኋል። ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

አቆመ። በመስኮቷ በኩል አለፈ።

«እንጉዳይ፣ ውሃ ልቅዳ። እንዳትወርጂ።»

«እግሬ ደንዝዟል፤ አቧራ በልቶኛል። ፊቴን ብቻ ልታጠብ።»

«አትውረጂ አልኩሽ!»

«እሺ፣ እሺ። እስረኛ አደረግከኝ እኮ» ብላ ሳቀች።

ባልዲውን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ውሃ ነበረው። ቀዳ። ሞተሩ እስኪበርድ ቆየ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ፊቱን ከእንፋሎቱ አዙሮ ቀስ እያለ ሞላ። የተረፈውን ውሃ በባልዲው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተወው። ጋቢና ገባ። ሞተሩን አስነሳ።

ዷ!

የጋሽ ዘርጋው ነገር ትዝ አላለውም? ትዝ ብሎታል። አፉ «እንጉ» ብሎ ነበር። እግሩ ቀደመው። የልጅነቱ ጥፊ ቀደመው። መኪናው ተነስቷል።

ጥቂት ነዳና ልቡን ሊያሳርፍ ላሜራውን በእጁ መታ። ዷ!

ከወዲያ ተመለሰለት። ዷ!

«አየህ፣ ጋሽ ዘርጋው?» አለ ለብቻው።

ነዳ። ዘፈን የለም። ደክሟት ይሆናል። እንዲሰማት ጮኸ።

«ተኛሽ እንዴ?»

ዷ!

«ውሃ ጠምቶሻል?»

ዷ!

«እንግዲያው ላቁም?»

ዷ!

አስተዋላችሁ? ሁልጊዜ አንዴ ነው። ውሃ ጠምቶሻል ሲልም አንዴ፣ ላቁም ሲልም አንዴ። አንዴ ማለት ምን ነበር? ንዳ ማለት ነው። ንዳ፣ ንዳ፣ ንዳ።

አጥናፉ ጆሮውን ወደ ላሜራው አስጠጋ። «እንጉዳይ» አለ። «ስምሽን በአፍሽ በይልኝ።»

ዝም።

«እንጉዳይ!»

ዷ! አለ። ከኋላ ግን አይደለም። ከጣሪያው ላይ ነው።

መሪውን ጨበጠ። ወደ ላይ አላየም። ዷ! አለ፤ በባዶው ወንበር በኩል፣ በሩ ላይ። ወደ ጎን አላየም። ከዚያ ላሜራ መምታቱ ቀረ። መስታወቱን ነካው፤ ቀስ አድርጎ፣ «ቤቶች!» ብሎ እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ያኔ አየ። እጅ ነው። ደርቆ የተሰነጠቀ፣ ዝናብ እንደራቀው መሬት የተሰነጠቀ እጅ። ከእጁ ወዲያ ምንም የለም። ጨለማ ነው።

ፍሬን ያዘ። መኪናው ሲቆም እጁ የለም። ወርዶ ሮጠ። የኋላውን በር ከፈተ። ፋኖሱ ይበራል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ነጠላዋ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጫማዋ የለም።

ፊቴን ብቻ ልታጠብ ብላ ነበር። እሱ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ሲል በኋላው በር ወርዳለች።

መኪናውን ሜዳው ላይ አዞረ። እንዴት እንደነዳ አያውቅም። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ በመብራቱ ዱካ አየ። የሴት ዱካ ነው። ከጉድጓዱ ተነስቶ መኪናውን ተከትሎ ሮጧል። ወርዶ በእግሩ ተከተለው። አንድ ጫማ አገኘ። ከዚያ ሌላውን አገኘ። ጫማዋን አውልቃ ነው የሮጠችው። ስሙን እየጠራች ሮጣ ይሆናል። ሞተሩ ይጮህ ነበር፣ እሱ «ተኛሽ እንዴ?» እያለ ከሌላ ጋር ያወራ ነበር። ከጫማው በኋላ ዱካው ባዶ እግር ነው። ከዚያ ዱካው አለቀ። ወደ ፊት የለም። ወደ ጎን የለም። ወደ ኋላ አልተመለሰም። አሸዋው እንደተጠረገ ምንጣፍ ነው።

«እንጉዳይ!» ብሎ ጮኸ።

ከበስተጀርባው፣ ከመኪናው ውስጥ፣ ዷ!

ሮጦ ከፈተ። ማንም የለም።

«እንጉዳይ!»

ዷ!

ከፈተ። ማንም የለም። እስኪነጋ እንዲሁ ነበር።

የጨው ነጋዴዎቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይተውታል። መኪናውን ጉድጓዱ አጠገብ አቁሞ ተቀምጧል። ሲመሽ ስሟን ይጠራል፤ መኪናው ይመልስለታል። አብረን እንሂድ አሉት።

«ሚስቴ ሳትሳፈር?» አላቸው።

አንድ ክረምት አልፎ ሲመለሱ እሱም የለም። ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰጥሟል። አልጋው ተነጥፏል። ነጠላዋ ሚስማሩ ላይ ነው፤ በጫፉ ሁለት ሽምብራ እንደተቋጠረ አለ። የጨው መንደሩና ባሕሩ። ራዲያተሩን ከፍተው አዩት። እስከ አፉ ሙሉ ነበር፣ ውሃውም ቀዝቃዛ። በዚያው ቀን የተቀዳ ውሃ።

የት ሄደ? አላውቅም። የማውቀውን ነው የነገርኳችሁ። በዚያ የሚያልፉ ሾፌሮች ዛሬ የሚመታው አንድ እጅ አይደለም ይላሉ።

እንግዲህ ተረቱም ደረሰ፣ ሌሊቱም ገፋ። ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ብትሆኑም ስም ሳትጠሩ አትነሱ። በሉ፣ እዚሁ እንጠራራ። ከምድጃው ዳር ጀምሩ። እሺ። አንተስ? እሺ። ቀጥሉ። እሺ።

አንቺ፣ በሩ ሥር ያለሽው። ነጠላ ያልለበስሽው። እኔ ስጠይቅ ሁሉም በአፉ ሲመልስ አንቺ መሬቱን በመዳፍሽ ትመቺ ነበር። ሰምቼሻለሁ። እንቅልፍ እያባረርሽ መስሎኝ ዝም አልኩ። ስምሽ ማን ነው?

ስምሽን ነው የጠየቅኩሽ።

ከማን ጋር ነው የመጣችው? ከእናንተ ማን ያውቃታል? ማንም?

ፋኖሱን ከፍ አድርጉት። ቶሎ በሉ፣ ፋኖሱን—

ዷ!