ቧንቧው አፍ ሥር የነበረው ድንች

ርርርርር…

መርማሪው በሩን ሳይከፍት የትንሽ ማራገቢያ ድምፅ ሰማ። ባለቤቱ በሌለበት የሚሠራ ነገር ድምፁ ሆድ ያባባል። ማታ ማታ ከሬዲዮ ሌላ የሚያነጋግረው የሌለው መርማሪ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ከመሬት በታች ወደተቆፈረው የድንች ማስቀመጫ ወረደ። ሽማግሌው ገበሬ ትናንት ሞቶ የተገኘው እዚሁ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ነው። ቁስል የለበትም፤ ያፈነው የከሰሉ ጢስ ነው።

ከላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጥቁር የተቀባ ባለመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ፀሐይ በውስጡ ያለውን አየር ታሞቀዋለች፤ በፀሐይ የሚዞረው ማራገቢያ ደግሞ ሙቁን አየር በቧንቧ ወደ ታች ይገፋዋል። በብርድ ወራት ድንቹን ከውርጭ የሚያድነው ይኸው ነበር።

«ከሰሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች የሟች ልጅ፣ ዓይኗ አብጦ። «ጉድጓዱ በረደ ሲለኝ ‹እንካ አባዬ› አልኩት። ከእኔ ጋር ከተማ ሊገባ ዕቃውን ጠቅልሎ ነበር እኮ! በገዛ እጄ ገደልኩት።»

«ኧረ ግትር ነበር!» አለ ጎረቤታቸው መስታወት ቆራጩ። «መስታወቱን የገጠምኩለት እኔ፣ ምስጋናው ስድብ! ሣጥኑ ግን ምን ሆኖ? ይኸው እንደ ንብ ይጮኻል።»

የሟች ታናሽ ወንድም፣ ጫማ ሰፊው፣ ቀና ሳይል «ዕድሜ ነው» አለ። «ሽማግሌ ፀሐይ ላይም ይበርደዋል።»

መርማሪው ከቧንቧው አፍ ሥር አንድ ድንች አንስቶ ጨመቀ፤ ውሃ ሆኖ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። ከጥግ ያነሳው ድንች ግን ጤነኛና ጠንካራ ነው። በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን ሽቦ ዳበሰ፣ ወረደና ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«ሣጥኑ ቢሠራ ኖሮ ቧንቧው አፍ ሥር ያለው ድንች ከሁሉ ይሞቅ ነበር። ውርጭ የመታው ግን እሱን ብቻ ነው። ማራገቢያው ሲቆም ብርዱ በዚያው ቧንቧ ወርዷል። ሽማግሌው በረደ ያለው እውነቱን ነው።»

«ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?» አለ መስታወት ቆራጩ።

«ሽቦው ተቆርጦ እንደገና ተቀጥሏል። መሰላል መውጣት የተወ ሽማግሌ አያየውም፤ ሙት ደግሞ ሽቦ አይቀጥልም። ሽቦውን መልሶ ቀጥሎ ዝም ያለው ራሱ የቆረጠው ሰው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በፕላስተር ይጠቀልለው ነበር። ይህ ግን ሰም በተቀባ ክር ነው የታሰረው፤ የጫማ መስፊያ ክር።»

ሁሉም ወደ ጫማ ሰፊው ዞሩ።

«ጥሎኝ ሊሄድ ነበር» አለ ጫማ ሰፊው በመጨረሻ። «ከወንድማማቾች የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ድንቹ ከበረደው ትቶት አይሄድም ብዬ ነው እንጂ… ከሰል ያወርዳል ብዬ መች አሰብኩ!»

«ከሞተ በኋላስ ለምን ቀጠሉት፣ አባት?»

«ድንቹ እንዳይበላሽበት።»

መርማሪው ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ ይህ ግን ውሸት አልነበረም። ወደ ልጅቱ ዞረ።

«እህቴ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው።»

ልጅቱ ተነስታ አጎቷ ፊት ቆመች፤ የተከፈተ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት። ከዚያ ማንንም ሳታይ ደረጃውን ወጥታ ሄደች።