የነብሮ ጉርሻ

«የወፍ በሽታ ነው» የሚለኝን ሰው ሳልቆጣ ሰምቼ አላውቅም። ወፍ የውሻን ዓይን ቢጫ አታደርግም። ነአምንን የወደድኩት ግን በዚያው ቁጣዬ መሀል ነው።

መጀመሪያ የመጣው በዝናብ ነበር፤ ኮተቤ ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ። ታክሲዎቹ ውሻ አንጭንም ስላሉት ከእንጦጦ በእግሩ ነው የወረደው፤ ውሻው ነብሮ ሲደክመው እየተሸከመው።

«ዶክተር፣ የበላውን ያስታውከዋል።»

«ምንድን ነው የሚበላው?»

ወለሉን አየ። «አባቴ የሚበላውን። እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ጉርሻ የነብሮ ነው። በፊት የእሷ ነበር።»

ለስድብ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። በአልትራሳውንድ ሳየው ሐሞት ከረጢቱ አብጧል።

«ሐሞት ቀጭን ፈሳሽ ነው» አልኩት። «ጉበት ይሠራዋል፣ ከረጢቱ ያጠራቅመዋል፣ ምግብ ሲመጣ ወደ አንጀት ይለቀዋል። የነብሮ ግን አልፈስ ብሏል። መጀመሪያ አተላ ይሆናል። ከዚያ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። መጨረሻ ላይ ይረጋና መውጫውን ይደፍናል፤ ያኔ ከረጢቱ ሊፈነዳ ይችላል።»

«አሁን የት ደርሷል?»

«አተላው ላይ። መድኃኒቱን ስጠው። ቅቤና ጮማ ግን ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

እያመላለሰ አሳየኝ። ነአምን ካራ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚናገር አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። ነብሮን ይዘን ስንመረምር እጆቻችን ፀጉሩ ውስጥ ይገናኙና ለመለያየት ይዘገያሉ። ቆይቶ ያለ ውሻው ይመጣ ጀመር። ማኪያቶ እንጠጣለን፤ እኔ ከዓለም ጋር እጣላለሁ፤ እሱ እያየኝ ፈገግ ይላል። ስለ ነገ ግን አንድ ቃል አይወጣውም።

ክረምቱ ሲያበቃ ደወለ። «ሒሩት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አባዬ መድኃኒት አዋቂ ጋ ልወስደው ነው ይላል።»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የእንጦጦን ዳገት ወጣሁ። በራቸው ላይ ጠበቀኝ።

«ቅባቱ ቆሟል ብለኸኝ ነበር።»

«አልቆመም። አባዬ ጎንበስ ብሎ ሲያጎርሰው እማዬን ያነሳል። ሌላ ጊዜ ስሟን አይጠራም። ምን ብዬ ልከልክለው?»

«ዝም አልከው። እኔንም ዝም ትለኛለህ። ነአምን፣ አንተም ውስጥ ያለው እየረጋ ነው።»

አልፌው ገባሁ።

አባቱ ጋሽ አምባዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የነብሮን ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል።

«የውሻ ሐኪሟ አንቺ ነሽ? ሰው አጥተሽ ነው?»

«ሰው አይሰማኝም፣ ጋሼ። ውሻ ይሻላል።»

ሊስቁ ነበር፤ ተውት። «ወፍ ነው የመታው። ቅጠል ይጠጣል፣ ይድናል።»

«ወፍ አይደለም። ሐሞቱ መውጫ አጥቶ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነው። የበሽታውን መነሻ በሙሉ አላውቅም፤ ያባባሰው ግን የእርስዎ ቅቤ ነው።»

«በፍቅር የሰጠሁት?»

«ሐሞቱ ፍቅርዎን አያውቅም። ቅባቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሆዱን ከፍቼ ከረጢቱን ላውጣው፤ ያለ እሱ መኖር ይችላል።»

«ቢላሽ ስር ቢሞትብኝስ?»

«ሊሞት ይችላል። አልዋሽዎትም። ከተውነው ግን መሞቱ አይቀርም።»

የነብሮን ራስ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «አንቺ ማን ነሽና ነው ቤቴ ገብተሽ የምትሟገቺኝ?»

«የማገባት ናት» አለ ነአምን ከኋላዬ።

ዞርኩ። ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም።

«እሺ ካለችኝ» ጨመረ፤ ጆሮው ቀልቷል።

ጋሽ አምባዬ ልጃቸውን አዲስ ሰው እንዳዩ ሁሉ አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ነብሮን ጠቀለሉት።

«መልሴን በኋላ» አልኩት ነአምንን። «አሁን ውሻውን ተሸከም።»

ከባልደረባዬ ጋር ሆዱን ከፈትነው። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ጥቁር አረንጓዴ፣ የረጋ፣ በቢላ የሚቆረጥ ነገር ነበር። አባትና ልጅ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስለ እናትየው ሲያወሩ በበሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። ነብሮ ዓይኑን ሲገልጥ ወጥቼ ለነአምን «እሺ» አልኩት። ስለ ውሻው ይሁን ስለ ጋብቻው የመለስኩለት አልጠየቀኝም።

ለሽማግሌዎቹ ቀን ከመቆረጡ በፊት ጋሽ አምባዬ ምሳ ጠሩኝ። ነብሮ በራሱ ሳህን ሩዝና ስብ የሌለው ቅቅል ሥጋ ቀርቦለታል። እሳቸው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ቅቤው በጣቶቻቸው መሀል ይንጠባጠባል። እጃቸው እንደለመደው ወደ መሬት ወረደ። ነብሮ ራሱን ቀና አደረገ። ነአምን እጁን ከገበታው መለሰ።

የጋሽ አምባዬ እጅ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«በይ ክፈቺ፣ ተሟጋች።»

ጉርሻው ትልቅ ነበር። ቅቤው በአገጬ ወረደ። አልተከራከርኩም።