ራልፍ የሰጣት ፋንድያ

ሰው ለወደዳት ሴት አበባ ይዞላት ይሄዳል፤ ራልፍ ግን ፋንድያ ይዞ ሄደ። ምን ያድርግ፣ ፈረስ እንጂ አበባ የለው! ኖላ ባሏን ቀብራ ወደዚህች በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ያለች የገጠር ከተማ ከመጣች ገና ጥቂት ወራት ነበር። ከአጥር ማዶ ጓሮዋን ስትቆፍር ባያት ጊዜ ልቡ ድንግጥ አለበት፤ ባገኘው ጆንያ ሁሉ ፋንድያ ሞልቶ በሯ ላይ አወረደ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችው።

«ለቲማቲምሽ… የፈረሶቼ ነው» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ሳቀች። ያ ሳቋ እንቅልፍ ነሳው።

እዚያ ቲማቲም የሚተከለው በጥቅምት ማብቂያ፣ ታላቁ የፈረስ እሽቅድምድም በሚካሄድበት ማክሰኞ ነው፤ ቀድሞ የተከለ ውርጭ ይበላበታል። ኖላም ፋንድያውን ከአፈሩ ቀላቅላ ከሰፈሩ ጋር እኩል ተከለች። የገና በዓል ሲደርስ ግን የሰው ቲማቲም ቀልቶ የእሷ ከጉልበት አልዘለለም፤ ቅጠሉም ተጠቅልሎ ኮስምኗል። ውሃ ጨመረች፣ ቀነሰች፣ ጥላ ሠራችለት፤ ወይ ፍንክች! ራልፍ ያወቀ መስሎት ሌላ ፋንድያ አከለላት። ባሰበት።

የገና ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ራልፍ ጓሮ ሥጋ ሊጠብስ ተሰብስቦ ሳለ፣ የራልፍ ምላስ አላርፍ አለችና «ኖላ እኮ የፕላስቲክ አበባም ብትተክል ታደርቃለች» አለ። ሰዉ በሳቅ አውካካ። እሷም ለይምሰል ፈገግ ብላ ሰሃኗን አስቀመጠችና ወጣች። ሮጦ ደረሰባት።

«ቀልዴን እኮ ነው…»

«እውነትህን ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ባሌን ስንት ዓመት አስታመምኩት፣ ሞተ። አሁን ደግሞ ቲማቲም እንኳን አቃተኝ። እኔ የነካሁት ነገር አይተርፍም፣ ራልፍ።»

ቤቱን ለቃ አደሌድ ከተማ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችው።

ብዙም ሳይቆይ ለፈረሶቹ ድርቆሽ ሣር የሚሸጥለት ሰው ጭነቱን እያወረደ፣ ማሳውን ፀረ አረም ስላስረጨ አንዲት አረም እንደማይገኝበት በኩራት አወራው። ያኔ ራልፍ ነገሩ ገባው። ፈረሱ ድርቆሹን ይበላል፤ መድኃኒቱ በሆዱ አልፎ ፋንድያው ውስጥ ይቀራል፤ ፋንድያው ደግሞ… በአንድ ጣሳ ንጹሕ አፈር፣ በሌላው ፋንድያ የተቀላቀለበት አፈር አድርጎ ባቄላ ዘራ። የመጀመሪያው ተመዘዘ። ሌላው ልክ እንደ ኖላ ቲማቲም ተጠቀለለ።

እፍረት ለበለበው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ትሄዳለች፣ አለቀ። ግን ያንን «የነካሁት አይተርፍም» ያለችውን ይዛ ነው የምትሄደው። ይሄን አልቻለውም።

ሁለቱን ጣሳ ታቅፎ የሰፈሩ ሰው የጓሮውን አትክልት ወደሚለዋወጥበት አዳራሽ ገባ። ኖላም ልትሰናበት መጥታ ነበር። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእሱ ፋንድያ መሆኑን፣ አበላሽቶባት ሲያበቃም ሰው ያሳቀባት እሱ መሆኑን በሁሉም ፊት ተናገረ። የሳቀ የለም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ደጅ ላይ ደረሰችበት።

«በጋውን ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ… አንተ ትስቅብኛለህ!»

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

«መሬቷን ተዋት፤ እስካሁን ያበላሸኸው ይበቃታል» አለች። ሳታስበው ሳቋ መጣባት፤ እንባዋም አብሮ ወረደ።

አፈሩ መቼ እንደሚድን ጠየቀችው። ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም አላት።

«እየገለበጥኩ፣ እያጠጣሁ እኔው አድነዋለሁ… አንቺ ግን ትሄጃለሽ።»



«እኔ ያልገደልኩትን ጓሮ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለች ኖላ። «ለእህቴ ደውዬ ቀርቻለሁ እላታለሁ። አንተም ከእንግዲህ ስትወደኝ በአፍህ ንገረኝ።»

«እወድሻለሁ» አለ ራልፍ፣ ዓይኗን ማየት አፍሮ መሬት መሬት እያየ።

አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።