ላሟ የሰማችው ቋንቋ

ጌታችን በተወለደ በ1894 ዓመት፥ በነሐሴ አጋማሽ፥ ከኡፕሳላ የመጣው መምህር ኤሎፍ ቡስትሬም በስዊድን አገር በዳላርና ሸለቆ ሦስት ደብተር ሞልቶ ነበር፤ ሦስቱም የማይረቡ ነበሩ። የተላከው በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን አነጋገር፥ የድምፁን መውጣትና መውረድ፥ ቃል ከቃል የሚሰለፍበትን ሥርዓት እንዲመዘግብ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ አገር ደብተር ይዞ ከቤት የሚገባ ባለ ካፖርት ቄሱ ብቻ ነው፤ ቄሱም በየዓመቱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ትምህርተ ሃይማኖት ይፈትናል። ስለዚህ ሕዝቡ ኤሎፍን ባየ ቁጥር ወገቡን ቀጥ አድርጎ የመጽሐፉን ስዊድንኛ ያነበንብለት ነበር፤ የራሱን አነጋገር ግን ደበቀው።

የጥንቱን ቋንቋ ሳይበረዝ የያዙት ክኑትስ ማርጊት የሚባሉ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ባልቴት ብቻ ናቸው ተባለ፤ እርሳቸውም ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው የበጋ ግጦሽ ወጥተዋል። እኚህ ሴት ካለፉ ቋንቋው አብሮ እንደሚቀበር ኤሎፍ ያውቃል፤ ጫካ ሰንጥቆ ተከተላቸው።

«እማማ ማርጊት፥ እስቲ ላምዎን እንደሚያናግሩ ያናግሩኝ» አላቸው።

«ላሜንማ ላም ስለሆነች ነው። ጌታዬ ግን ጌታ ነዎት።»

«እኔም ሰው ነኝ እኮ።»

«ሰው ከሆኑማ ሥራ ይያዙ» አሉና የወተቱን ባልዲ አስጨበጡት።

በዚያ አገር ማለብ የሴት ሥራ ነው፤ ጡት ይዞ የታየ ወንድ እስኪሞት መሳቂያ ይሆናል። ኤሎፍ ኀፍረቱ አንገቱን አቀላው፤ የማወቅ ጉጉቱ ግን በለጠና ደብተሩን ከድንጋይ ላይ አኑሮ ተቀመጠ። ላሟ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያም ባልዲውን በእርግጫ ገለበጠችው።

«ምን አባህ ትጎትታለህ፥ የደወል ገመድ መሰለህ? ከላይ ያዝና ወደ ታች ጭመቅ!» አሉ ማርጊት። «አንቺም ሮሳሊን፥ አርፈሽ ቁሚ። የተማረ ሰው ነው፥ ምንም አያውቅም።»

የኤሎፍ ልብ ዘለለ። ከአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች፥ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚወጣ ዜማ፥ መጻሕፍት ከዘነጉት ዘመን የቆየ የቃላት አሰላለፍ፤ ሁሉም በዚያች ስድብ ውስጥ ነበረ። ሊጽፍ ተመኘ፤ ነገር ግን እጁን ከላሟ ጡት ካነሣ ሴትዮዋ በቄስ ፊት ወደሚናገሩት አነጋገር እንደሚመለሱ ገባው፤ ስለዚህ እያለበ፥ እየተሰደበ፥ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በሆዱ እየደገመ ያዘው። ከብቶቹ እስኪወርዱ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለበ፤ ከበረቱ ጀርባ እየተደበቀም ጻፈ።

ማርጊት የዚያ ክረምት በረዶ ሳይቀልጥ ዐረፉ። የኤሎፍ መጽሐፍ ታተመ፤ ሊቃውንትም ተቀባበሉት። ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ምልክት ያበጀው ያ ጠንቃቃ ሰው፥ የዘመኑ ልማድ ነበርና፥ የተናጋሪዋን ስም መጻፍ አላስፈለገውም፤ «አንዲት አሮጊት» ብሎ አለፋቸው። ዛሬም ያ ስድብ የሰፈረበትን ገጽ የሚያነብ ተማሪ ሮሳሊን የሚለውን ስም ልክ እንደዚያን ዕለት፥ በመውጣቱና በመውረዱ፥ ሳይሳሳት ይጠራዋል፤ ታሪክ ያስታወሰው ላሟን ነው።