የሦስተኛው ዙር ማስታወቂያ

የቤዛ ሬሳ የቢሮዋ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ግን ሥራውን አላቆመም። በየደቂቃው ይንቀጠቀጣል። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከድሬዳዋ «ለእኔም ሁለት ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይጎርፋል። ኢንስፔክተር ኛሉዋል በአሥራ አራት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ ብዙ ሟች አይታለች፤ ከሞተች በኋላ ገበያ የደራላት ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ነገሩ ቀፈፋት።

ቤዛ «ዳርቻ» የተባለውን የሺአ ዛፍ ፍሬ ቅባት በቴሌግራም የምታስተዋውቅ ጸሐፊ ነበረች። ጭንቅላቷን ከኋላ ተመትታለች። የተመታችበት የእንጨት ማማሰያ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ማማሰያው ቅባቱን ከመንደር የምታመጣው የሱዛን ነው፤ በአሥር ሰዓት ሬሳውን አግኝታ ጎረቤቱን በጩኸት ያናወጠችውም እሷው ናት።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ መጋቢት ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ በኒውላንድ ሰፈር መብራት ስለጠፋ ጠባቧ ቢሮ ግላለች። ኛሉዋል ላቧን እየጠረገች ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቅባት ብልቃጥ አንስታ አዘነበለችው፤ ውስጡ ያለው ወዲያና ወዲህ ተንቦጫረቀ። መልሳ አስቀመጠችው።

«ደሙ ደርቋል» አለችው ለጤና መኮንኑ።

«በዚህ ሙቀት ምን የማይደርቅ አለ? ገላዋም አልቀዘቀዘም። ሰዓቱን ከእኔ አትጠብቂ። ደግሞስ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ማስታወቂያ ለጥፋ የለ?»

እውነቱን ነው፣ ተለጥፏል። ኛሉዋል በራሷ ስልክ ገብታ አነበበችው፦

«እናንተዬ፣ አሁን በዚህ ሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አዲሱን ዳርቻ ከፈትኩት። ጠንከር ያለ ነው፤ በጣቴ ቆረስ አድርጌ መዳፌ ላይ ሳሸው ቀስ እያለ ሟሟ። ሦስተኛው ዙር ምርት ነው። በሰባት ቀን ፊታችሁ ካልፈካ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

የሟቿን ግራ ክንድ ገልጣ አየች። ክርኗ ውስጠኛው በኩል ያለው ቆዳ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል። ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይም ይህ ሰፍሯል፦ «ዙር ሦስት። ክንዴ ላይ፣ ሁለተኛ ቀን። ያቃጥላል። አልጽፍም።»

በማግስቱ የጣቢያው አዛዥ ነገሩን ለመቋጨት ቸኩሏል። «ግልጽ እኮ ነው። ሴትየዋ የተበላሸ ቅባት አቀረበች፣ ተጣሉ፣ መታቻት። ከዘጠኝ በኋላ እዚያ ቢሮ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ከነገ ወዲያ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

ኛሉዋል ሱዛንን ጣቢያው በረንዳ ላይ አገኘቻት።

«እናቴ፣ ከቤዛ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ሰኞ ነው። ‹ምን ጨመርሽበት?› አለችኝ። እኔ ምን እጨምራለሁ? ዛፉ አንድ፣ ቅባቱ አንድ። የልጅ ልጄን የምቀባው ይኸው ነው። ከእኔ እንስራ ወስዳ ተቀባችው፣ ምንም አላደረጋት። ‹ከአንቺ አይደለም እናቴ› አለች። አለቀሰች። እኔ ተናደድኩ፣ ማማሰያዬን እዚያ ረስቼ ሄድኩ።»

«ማስታወቂያውንስ ታውቂዋለሽ?»

«ቤዛ ሳትሞክር አትጽፍም። ስትጽፍ መጀመሪያ ለእኔ ታነባለች። ‹ይኼ እውነት ነው?› ትለኛለች። እውነት ካልሆነ ትሰርዛለች። የትናንቱን አላነበበችም።» ሱዛን እጇን እያሻሸች ቆየች። «ልጄ፣ ነገ ወዲያ የሚወስዱኝ፣ እመለሳለሁ?»

ኛሉዋል የሱዛንን ትከሻ ነካ አድርጋ ወጣች። ለማይሆን ነገር ቃል መግባት አትወድም።

የዳርቻ ፎቶ አንሺ ኤልናታን ዓይኑ በእንባ አብጧል።

«በዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ኢታንግ። የከተማውን ገበያ ፎቶ ሳነሳ።»

«የቅባቱንስ ፎቶ መቼ ነው የምታነሳው?»

«ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ቅባት ሳይሆን ሾርባ ነው የማነሳው።»

«ሸሪኩ አሸብርና ቤዛ ይስማሙ ነበር?»

«እሱ ‹ቀን ጥቀሺ፣ ቀን ገዢ ይስባል› ይላታል። እሷ ደግሞ ‹ቆዳ ቀጠሮ አያከብርም› ትለዋለች። በቃ፣ እንደዚያ ናቸው።»

አሸብር ከአዲስ አበባ መጥቶ በዳርቻ ሽርክና ከገባ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። የሚኖረውም የሚሠራውም ጄኔሬተር ባለው ሆቴል ውስጥ ነው። ኛሉዋል ክፍሉ ስትገባ ኤሲው አንቀጠቀጣት። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሰውየውም ሹራብ ለብሷል።

«በዘጠኝ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ታች፣ ከሸሪኬ ከራሂማ ጋር። ከስምንት እስከ አሥር አልተለያየንም። እንዲያውም ማስታወቂያው ሲወጣ አብረን አነበብነው። ምስኪን ቤዛ፣ የመጨረሻ ሥራዋ ግሩም ነበር።» ከጠረጴዛው ላይ ብልቃጥ ከፍቶ ነጩን ቅባት በጥፍሩ ፈቀፈቀና ዘረጋላት። «ይሞክሩት፣ ኢንስፔክተር።»

«ይቅርብኝ» አለች። የቤዛን ክንድ አስታውሳ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

ያን ምሽት ማስታወቂያውን ደጋግማ አነበበችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ባጃጅ ተራው ሄዳ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች፤ ከዚያ ሁሉንም በስምንት ሰዓት የቤዛ ቢሮ ሰበሰበች። የዳርቻ ባለቤት ራሂማ ሱቋን ዘግታ መጣች። ኤልናታን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አሸብር ሹራቡን ጥሎ በላብ ተነክሯል። ሱዛን በሁለት ፖሊስ መሀል ተቀምጣለች። አዛዡ ሰዓቱን ያያል።

«ወይዘሮ ራሂማ፣ ማስታወቂያውን ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

ራሂማ አነበበች። «ጠንከር ያለ ነው፤ በጣቴ ቆረስ አድርጌ…» ስትል አንገቷን ቀና አደረገች። ኛሉዋል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥ ከፍታ ዘቀዘቀችው። ቅባቱ እንደ ዘይት ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ።

«ወላሂ!» አለች ራሂማ። «በዘጠኝ ሰዓት ምን የሚቆረስ አለ? ሱቅ ውስጥ እንኳ ክዳኑን በፕላስቲክ ካላሰርኩት ይፈስብኛል።»

«ማክሰኞ ከአራት ሰዓት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ቤዛ ብልቃጡን በዘጠኝ ሰዓት ከፍታ ቢሆን የሚቆረስ ነገር አታገኝም ነበር። እሷ ደግሞ እጇ ያልነካውን አትጽፍም። ስለዚህ ጽሑፉ የእሷ አይደለም። ታዲያ የማን ነው? ሱዛን ቅባቱን ታፈላዋለች፣ ማንበብም አትችልም። ኤልናታን ሳይቀልጥበት ለማንሳት በንጋት ይነሳል። ወይዘሮ ራሂማ ክዳን ያስራሉ። በዚህ ከተማ ይህን ቅባት ቀኑን ሙሉ ጠንካራ ሆኖ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከኤሲ ሥር የማይወጣ ሰው።»

«ቀልድ ነው?» አለ አሸብር። «በዘጠኝ ሰዓት ከራሂማ ጋር ነበርኩ!»

«ነበሩ። ቴሌግራም አሁን ተጽፎ በኋላ የሚለጠፍበት መንገድ አለው። ስልኳን በራሷ ጣት ከፈቱት፤ ጣቷ ገና ትኩስ ነበር። ሁላችንም ‹በዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ› እያልን ስንጠይቅ ከረምን። እኔ ዛሬ ጠዋት ‹በአምስት ሰዓትስ› ብዬ ጠየቅሁ። ባለ ባጃጁ እርስዎን ከሆቴል እዚህ በር ድረስ ማድረሱን ነገረኝ። ‹እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም› አለ። ክፍልዎ ሲፈተሽም አልጋዎ ሥር ፊት የሚያቀላ ዱቄት ተገኝቷል። ሦስተኛው ዙር ላይ ጨመሩበት፣ ቤዛ በክንዷ ደረሰችበት፤ ለገዢ ልትናገር ስትል መቷት። ሰዓቱን ለማዛባት የጻፉትን ደግሞ ዝም ብለው አልተዉትም፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ብለው የሰባት ቀኑን ተስፋ ጨመሩበት።» ስልኩን ከራሂማ ተቀበለች። «ጽሑፉም ቢሆን እንደ እሷ አልሆነልዎትም። ደካማ ነው።»

«ደካማ?» አሸብር ብድግ አለ። «በአንድ ቀን ሦስት መቶ ሃያ ትእዛዝ! እሷ በወር ይህን ያህል አምጥታ ታውቃለች? አፏን ይዛ ብትቀመጥ…»

ቃሉ እንዳመለጠው ገብቶት ተቀመጠ። ኤልናታን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዛዡ ቀስ ብሎ ከሱዛን አጠገብ ያሉትን ፖሊሶች ወደ አሸብር ላካቸው።

ሱዛን ነጻ መሆኗን ሲነግሯት ወደ በሩ አልሄደችም።

«የተላከው የት ነው ያለው?» አለች።

«ሰማንያ ብልቃጥ ማክሰኞ ጠዋት በአውሮፕላን ሄዷል» አለች ራሂማ።

«ሰው ይቀባዋል። ልጅ ይቀቡበታል። ጻፉ፣ አሁን።»

ኤልናታን የራሂማን ስልክ ያዘ። ጻፈ፣ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ፣ አጠፋ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምታሳምረው ሰው የለችም።

«እናቴ፣ አንቺ በይው» አለች ኛሉዋል። «እንዳለችው ጻፈው፣ ምንም አታሳምር።»

ሱዛን ለሕፃን እንደምትናገር ቀስ እያለች አስጻፈች። «ቤዛ ሞታለች። ሦስተኛው ቅባት ያቃጥላል። አትቀቡ። ልጆቻችሁን አትቀቡ።»

ኤልናታን ለጠፈው። አራቱም ስልኩ ላይ አቀርቅረው ጠበቁ። ተመልካቹ መቶ ገባ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ። የመጀመሪያው መልስ መጣ፤ ማንበብ የማትችለው ሱዛን የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየች።

«ምን አሉ?»

ኛሉዋል መልእክቱን ሁለቴ አነበበችው። ለዚች ሴት መዋሸት ግን አልቻለችም።

«‹ዋጋው ስንት ነው?› ነው የሚለው፣ እናቴ።»