ያልተዳሰሰው ቋጠሮ

በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ሀብት የሚባል ነገር ቢኖር ፍቅር ብቻ ነበር። የቤቱ አባወራ ግንበኛ ነው፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ አለው። ታናሽ ወንድሙም ግንበኛ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ እናቱ ስለሞተችበት በታላቁ ሚስት እጅ አደገ። “እትዬ” እያለ ይጠራታል እንጂ እናቴ ቢላትም አይበዛባትም። ጓዳቸው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ የማዕድ ጸሎታቸው ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ታላቁን የሥራ ባልደረቦቹ “ቶማስ” ይሉታል። ስሙ ሆኖ አይደለም፤ ካልዳሰሰ ስለማያምን ነው! የእንጨት መወጣጫውን በገመድ የሚያስረው ታናሹ ነው። ታላቁ ደግሞ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቱ እየዳሰሰ፣ የገመዱን ጫፍ ሳብ እያደረገ ያጠብቃል። ለዓመታት እንዲህ ሠሩ። ከጊዜ ብዛት የታናሹ እጅ ቋጠሮውን ቋጥሮ የመጨረሻዋን ማጥበቂያ ለወንድሙ መተው ለመደ። ስንፍና አልነበረም፤ ክፋትማ ከየት መጥቶ! አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል፤ የወንድማማች ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ሠራተኞቹ ታናሹን ያዙት። “አንተ፣ ቶማስ እኮ አንተንም አያምንህም! የገዛ ወንድምህ!” ብለው ሳቁበት። ከሥራ ሲመለሱ ፊቱን አጨፍግጎ፣ “ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው እንደ ሕፃን የምትፈትሸኝ?” አለው። ታላቁ “የሰው ነፍስ ነው እኮ፣ ወንድም ዓለም” ቢለው አልሰማም፤ ራቱንም ሳይበላ ተኛ። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው፣ ሰው መባውን ከማቅረቡ በፊት ከወንድሙ ጋር መታረቅ እንዳለበት አስተማረ። ታላቁ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ደርሰው ታናሹ አስሮ ሲጨርስ፣ ታላቁ መወጣጫውን ቀና ብሎ አየ፤ ለወንድሙ ፈገግ አለለት፤ አንዲት ቋጠሮ እንኳ ሳይነካ ወጣ። ዕርቁ ያ ነበር! ታናሹ ከታች ሲሚንቶ እያቦካ ሲያየው ልቡ በደስታ ሞላ። “አመነኝ” ብሎ እንባው መጣ። እጁ ለዓመታት ሲተዋት የኖረው ማጥበቂያ በዚያች ቅጽበት ትዝ አላለችውም... ወይ ነዶ! ምነው ትዝ ባለችው! ገመዱ ተፈታ፤ ታላቁ ከነጣውላው ወደቀ፤ አከርካሪው ተሰበረ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ታናሹ ማንም ሳይጠይቀው ከወንድሙ ሚስት እግር ሥር ተደፋ። “እትዬ፣ ሳላጠብቀው ነው የተውኩት። እሱ ያጠብቀዋል ብሎ እጄ ለምዶ...” አላት። ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? እግዚአብሔርን ስለሚፈራ ተናገረ፤ እሷ ግን የሰማችው ጥፋቱን ብቻ ነው። “ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ!” አለችው።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት መከራን ተራ በተራ ተቀበለ። እንደ ግንብ የቆመው ሰው ከወገቡ በታች ደነዘዘ። ሚስቱ የሰው ልብስ እያጠበች ጣቶቿ ተላላጡ። ጀርባው በመተኛት ብዛት ቆሰለ፤ ቁስሉም አመረቀዘ። እሱ ግን፣ “እግሬን ባጣ አንደበቴ አለ፤ እስቲ እናመስግነው” ይላታል፤ ትንሿን ልጁንም መዝሙር ያስተምራል። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበዋል።

“ወንድሜ ዛሬም አልመጣም?”

“አልመጣም።”

ውሸት ነው! ታናሹ በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄድ ከአጥሩ በር ይቆማል። በየማለዳው ወጥታ፣ “ተኝቷል፤ ሂድ” ትለዋለች። እንዴት ያለች ጨካኝ ሴት ናት እንዳትሉ፤ ባሏን ባገላበጠች ቁጥር ያን ቁስል የምታየው እሷ ናት። ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ ይቅር ማለት ይቅርና ስሙን መስማት ያንገፈግፋት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በረታ። ከንፈሩ ደርቆ፣ “የተቆጣሁት መስሎት ፈርቶ ነው፤ ነይ፣ አብረን እንጸልይለት” አላት። አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። “ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን ከኀፍረቱ አውጣልኝ። ወደ እኔ የሚመጣበትን ደጅ ክፈትለት” ብሎ ጸለየ፤ “አሜን” እንድትለው ጠበቀ። አሜን ከየት ይምጣ? ፊቷን ከፍራሹ ደፍታ ተንሰቀሰቀች።

“በየቀኑ ይመጣል... ደጁን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዋሸሁህ!”

ባሏ እጁን ራሷ ላይ አኖረ። “ይቅር ብዬሻለሁ። በይ ሂጂ አምጪልኝ... ናፍቆኛል በይው።”

ልጇን አባቷ ዘንድ አስቀምጣ በነጠላ ጫማ ሮጠች። ታናሹን አሸዋ ተሸክሞ አገኘችው፤ እሱ ባሰረው መወጣጫ ላይ የሚወጣ ሰው ጠፍቶ ተሸካሚ ሆኗል። “ናፍቆኛል ብሎሃል፤ ቶሎ በል!” ስትለው ሸክሙን ጥሎ ተከተላት። ሲደርሱ ትንሿ ልጅ በሩ ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች።

“ቀስ በሉ። አባዬ ‘መጣ? መጣ?’ ሲል ቆይቶ አሁን ተኛ።”

ዓይኖቹ ግን አልተከደኑም፤ በሩን እንዳዩ ቀርተዋል።

ሴትየዋ በታናሹ እግር ላይ ወደቀች። “አንተ ረስተህ ነው፤ እኔ ግን አውቄ ነው! እያወቅኩ ነው የለየኋችሁ! እሱስ ይቅር ብሎኛል፤ አንተን በምን አፌ ይቅር በለኝ ልበልህ?” ታናሹ የወንድሙን ፊት እያየ ቆመ። ያን ቀን በኮሪደሩ ላይ የሰማውን ቃል ሊመልስላት ይችል ነበር፤ ማንስ ይፈርድበታል? ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሳት።

“ተነሺ፣ እትዬ። እሱ ይቅር ያለሽን እኔ ማን ሆኜ ነው የምይዝብሽ?” አላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ “ጋሼ፣ መጣሁ... መጣሁልህ እኮ” እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አይ የሰው ልጅ ዕጣ! ይቅርታን ለነገ የምናሳድረው ነገን ማን ሰጥቶን ይሆን? ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ ልጅቷን መሐላቸው አድርገው፣ አሜን ሳይባል የቀረውን የታላቁን ጸሎት ጸለዩ። አሜን ያለችው ሚስቱ ናት።