የበዴሳው መጋዘን በር

ሰኞ ጠዋት በበዴሳ አንድ የእህል መጋዘን ሲከፈት፣ ጠባቂው ጋሽ ተሻገር ከበቆሎ ጆንያዎቹ ጀርባ ሞተው ተገኙ። አፍንጫቸው በእርጥብ ጨርቅ ታስሯል፤ እጃቸው ውስጥ አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ ኪሳቸው ውስጥ የመጋዘኑ ቁልፍ ነበር። በሩ ግን ከውጭ ተቆልፏል። ዓርብ ዕለት መርዛማ ጋዝ የሚተነፍስ የነቀዝ ክኒን በተበተነበት ቤት ሰው ቆልፎ መሄድ! ኧረ ምን ጉድ ነው? ሌላው ቁልፍ ያለው ተሸካሚው ባዳቾ ጋ ነው። በቅርቡ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሳይውል ሳያድር ታሰረ።

ኢንስፔክተር አልጋነሽ ከሶዶ መጣች። ሴትዮዋ ለሰፈር ወሬ ጆሮ የላትም፤ መጀመሪያ ያየችው ጓጉንቸሩን ነው። ሲጫኑት ያለ ቁልፍ ይቆለፋል።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?» አለችው ባዳቾን።

«ተበላ ከተማ፣ ገበያ። ግን ማን ያምነኛል?»

የሟቹ ልጅ አረጋሽ ቤቷ ከመጋዘኑ አጠገብ ነው።

«ቅዳሜ አባትሽን አይተሻቸዋል?»

«አላየሁም። የሰፈሩን ሕፃናት ከመጋዘኑ ደጃፍ ሳባርር ነው ያረፈድኩት። ሽታው እኮ ይገድላል።»

አልጋነሽ መጋዘኑን ዞረችው። ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኗል፤ በሩ ተዘግቶ ሽታ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም።

ግድግዳው ላይ የእርጥበት መለኪያ የሰቀለውን የዩኒቨርሲቲ መምህር ረድኤትን አስጠራችው።

«የመለኪያው መብራት ጠፍቷል። ሞቷል?»

«አልሞተም፣ ተኝቷል። ባትሪ እንዲቆጥብ ብዬ ሐሙስ አስተካከልኩት። ውስጡ ያለው ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ያንቀላፋል፤ በየሰዓቱ ነቅቶ ይለካና ይተኛል። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋም ይነቃል። ምን እንደቀሰቀሰው ይመዘግባል።»

«ለጋሽ ተሻገር ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም» አለ ረድኤት አቀርቅሮ።

ማክሰኞ ሁሉም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተሰበሰቡ። ባዳቾም በካቴና መጣ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ በሩ ሲከፈት መለኪያው ነቅቷል» አለች አልጋነሽ። «ሦስት ሰዓት ላይ ሲዘጋ እንደገና ነቃ። ከዚያ እስከ ሰኞ በሩ አልተነካም። የከፈቱት ጋሽ ተሻገር ናቸው። ዓርብ መብራቱን ጠፍቶ ሲያዩት ባትሪው ያለቀ መሰላቸው፤ እህሉ እንዳይበላሽ ሲሉ ለነፍሳቸው ሳይሳሱ ገቡ። ሦስት ሰዓት ላይ ባዳቾን ተበላ ገበያ ያዩት ሦስት ምስክሮች አሉ። የዘጋው ሰው ቁልፍ አላስፈለገውም። ሽታውን የሸተተ ግን በሩን ክፍት አግኝቶታል።»

ወደ አረጋሽ ዞረች።

«ለሕፃናቱ ብዬ ነው!» ጮኸች አረጋሽ። «ሊገቡ ሲሉ ደረስኩባቸው፤ ዘጋሁት። አባዬ ረስቶት የሄደ መሰለኝ። አንዴ እንኳ አልተጣራሁም! ሰኞ ሲያወጡት ገባኝ፤ ፈራሁ፤ ባዳቾ፣ አንተን ሲያስሩህ እያየሁ ዝም አልኩ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ረድኤት እያለቀሰ። «አንድ ቃል ብነግራቸው ኖሮ አይገቡም ነበር።»

ካቴናው ሲፈታለት ባዳቾ ወደ ቤቱ አልሄደም። አረጋሽ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ እኔም ክፍት ባገኘው እዘጋው ነበር» አላት።

አረጋሽ አልሰማችውም። «አባዬ! አባዬ!» እያለች ትጣራለች።